አራት ዓይና ለመሆን

አንባቢ ሆይ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ የማውቀው አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አለ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ወደ ወረዳ መሥሪያ ቤት ከገባ አምስት ዓመት ሆኖታል። የተማረው ጂኦግራፊ ነው፤ የሚሠራው ግን የመሬት መዝገብ ነው። ጠዋት የድንበር ክርክር ይሰማል፤ ከቀትር በኋላ ደብዳቤ ያረቃል፤ ማታ ደግሞ ታሪክና ልብ ወለድ ያነባል። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አስቤአለሁ። ነገር ግን አንዱን ትምህርት ብቻ ይዤ መቀጠሉን ልቤ አልወደደውም። ታሪኩንም፣ ሕጉንም፣ የሕዝቡንም ኑሮ አዋሕዶ የሚያስተምር ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የሚጠየቀው ምንድን ነው?»

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት አጠገባችን የነበረው የሥራ ባልደረባው ሳቅ አለና «ወንድሜ፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብሎ ተረተበት። ወጣቱም ዝም አለ።

እኔ ግን ተረቱን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ የብዙ ወጣቶች ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ የዛሬውን ገጽ ለዚሁ ላውለው ወደድሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንመልከት። በአሜሪካ አገር «ሊበራል ስተዲስ» የሚባል የማስተርስ ዲግሪ አለ። ትርጉሙን ስንፈልገው የነጻ ሰው ትምህርት እንደ ማለት ነው። ስያሜው የመጣው በጥንቱ የአውሮፓ ትምህርት ቤት ሰባቱ ጥበባት ከሚባሉት ነው፤ እነርሱም ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ሥነ አመክንዮ፣ ቁጥር፣ ጂኦሜትሪ፣ ዜማና የከዋክብት ትምህርት ነበሩ። ይህን መሠረት አድርጎ ዌስሊያን የተባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሥራ ሰዎች፣ ይልቁንም ለትምህርት ቤት መምህራን የሚሆን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ሴንት ጆንስ የተባለው ኮሌጅ በበኩሉ ተከተለ። በሴንት ጆንስ ትምህርቱ በአምስት ክፍል የተመደበ ሲሆን፣ ዲግሪውን የሚሻ ሰው ከአምስቱ አራቱን መፈጸም አለበት። የሚማሩትም አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ታላላቅ መጻሕፍትን አንብበው እርስ በርስ በመጠያየቅ ነው።

በሌሎቹም ዘንድ የሚጠየቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የዲግሪው ዓይነት ግን ምንም ቢሆን ግድ የለም። ሁሉም በአንድነት የሚወስዱት የመግቢያ ሴሚናር አለ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከተለያዩ ክፍሎች መርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ ኮርሶች ይወስዳል። በመጨረሻም የተማረውን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሥራውን ሳይለቅ በማታ ወይም በክረምት የሚማር ብዙ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስታነብ «የፈረንጅ ፈሊጥ ነው» ብለህ ገጹን እንዳትገልጥብኝ። ከፍኖተ ሰላም ጥቂት ወጣ ብለህ ዘወር ዘወር ብትል ይህ ትምህርት በአገርህ ስሙን ለውጦ ታገኘዋለህ።

በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ልጁ በንባብ ቤት ይጀምራል፤ በዜማ ቤት ያልፋል፤ ወደ ቅኔ ቤት ይገባል፤ ከዚያም መጻሕፍት ቤት ይደርሳል። በመጻሕፍት ቤትም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉ አራት ጉባኤያት አሉ። አንዱን ያወቀ የዚያ መምህር ይባላል። አራቱን አንድ አድርጎ የያዘውን ሰው ግን አባቶቻችን «አራት ዓይና» ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ አስተውል፤ አራት ትምህርት የተማረ ሰው አራት ራስ አላሉትም፤ አራት ዓይን አሉት እንጂ። ራሱ አንድ ነው፤ የሚያይበት አቅጣጫ ግን አራት ሆነ ማለታቸው ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀኝ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ነው። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የሚባሉት የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይመለስና በየዛፉ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ነገር ግን የሌላውን ሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ የእኔ ነው ቢል ማንም አይቀበለውም። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። ለዚህም ሰዋስው ብቻ አይበቃም፤ መጽሐፉን፣ ታሪኩን፣ የአገሩን ወሬ፣ የገበሬውንና የንጉሡን ጠባይ ሁሉ ማወቅ ያሻል፤ ሰሙ ከአንዱ፣ ወርቁ ከሌላው ይመጣልና።

አንቺም አንባቢዬ ሆይ፤ ይህ የወንድ ብቻ ነው ብለሽ እንዳትተዪው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ፣ ስማቸው በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ እመቤት ነበሩ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ የውስጥ ዓይናቸው ግን የብዙዎችን ዓይን አብርቷል።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዝ የማንኩሳን ስም ሳትሰማ አታልፍም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያች ከማንኩሳ ነው። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ገዳማት እስከ ቅኔ ድረስ ተምረው፣ ኋላም ዘመናዊውን ትምህርት ቀጥለው፣ በአርበኝነት፣ በዲፕሎማትነትና በትምህርት ሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። በልብ ወለዳቸው ውስጥ የገበሬው ግብር፣ የጌታው ኩራት፣ የቄሱ ምክር፣ የተማሪው ስደትና የሁለት ሰዎች ፍቅር በአንድ ተሸምነው እናገኛቸዋለን። ይህን ሁሉ ከአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ ሊያገኙት አይችሉም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው ደግሞ በ1971 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ ግን የምዕራብ ጎጃም ልጅ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉለት፤ ቡሬም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው በአንድ ሙያ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ነው። ሆኖም ብዙ ሙያዎችን የሚያገናኙ ክፍሎች የሉም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፤ የሰላምና ደኅንነት ጥናት አለ፤ የሥርዓተ ጾታ ጥናት አለ፤ የክልላዊና የአካባቢ ልማት ጥናት አለ። እነዚህ ሁሉ ታሪክን ከሕግ፣ ሕግን ከኢኮኖሚ፣ ኢኮኖሚን ከባህል ጋር የሚያጋቡ ናቸው። በመጀመሪያ ዲግሪም ቢሆን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ወደ ሙያቸው ከመግባታቸው በፊት ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ልቡና፣ ኢኮኖሚክስና ሌሎችንም በጋራ እንዲማሩ ተደርጓል። ይህም ያው የአራት ዓይናው ሐሳብ ነው።

ለመግባት የሚጠየቀውን በአጭሩ ልንገርህ። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። የወጪ መጋራት ዕዳህን ገና ካልጨረስህ ይህን ለማግኘት ትቸገራለህና ቀደም ብለህ አስብበት። ሁለተኛ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር የሚዘጋጀውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያሻል። ሦስተኛ፣ ክፍሉ የራሱ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊኖረው ይችላል። አራተኛ፣ የሚያውቁህ መምህራን ወይም አለቆች የድጋፍ ደብዳቤ፤ መሥሪያ ቤትህ የሚከፍልልህ ከሆነም የስፖንሰር ደብዳቤ ይጠየቃል።

ከገባህም በኋላ በመደበኛው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ አንደኛው ዓመት ለኮርስ፣ ሁለተኛው ለጥናት ጽሑፍ ነው። በክረምትና በቅዳሜና እሑድ የሚማር ሰው ጊዜው ይረዝምበታል። ለመመረቅ አማካይ ውጤትህ ከ3.00 ማነስ የለበትም። የጥናት ጽሑፍህንም በአማካሪ መምህር እየታረምህ ጽፈህ፣ ከውስጥና ከውጭ በተመደቡ ፈታኞች ፊት ቆመህ ትከራከርበታለህ። መምህሩ የሚያቃናልህን ቅኔ አስታውስ፤ ነገሩ አንድ ነው። የሰው ጽሑፍ ገልብጦ ማቅረብም በዚያው በቅኔ ቤቱ ሕግ ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ግን በወረቀት የተጻፈው ነው። ያልተጻፈው አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ካላሟላህ የቀረው ሁሉ ከንቱ ይሆንብሃል። ይኸውም የራስህ የሆነ አንድ ጥያቄ ነው።

ለምን ቢባል፣ አንድ ሙያ የሚማር ሰው ጥያቄ ባይኖረው እንኳ ሙያው ራሱ እየመራ ይወስደዋል። ብዙ ሙያ የሚማር ሰው ግን ጥያቄ ከሌለው ገበያ እንደ ገባ ገንዘብ አልባ ሰው ሁሉን እያየ፣ ሁሉን እየነካ፣ ምንም ሳይሸምት ይመለሳል። የባልደረባው ተረት እውነት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

አንዳንድ ምሳሌ ልስጥህ። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት። የበርበሬ ዋጋ በለቀማ ወራትና በክረምት ለምን አይመሳሰልም? ትርፉስ ለማን ይደርሳል? ይህን ብትጠይቅ ተክሉን የሚያደርቀውን በሽታ ለማወቅ የእርሻ ትምህርት ያስፈልግሃል፤ የነጋዴውን ሥራ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ፣ ገበሬው ለምን ቶሎ እንደሚሸጥ ለማወቅ ደግሞ የሠርጉን፣ የተዝካሩንና የብድሩን ባህል ማጥናት ይኖርብሃል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ስለተመረቀው የዘይት ፋብሪካና ስለ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም እንደዚሁ ነው፤ የፋብሪካውን ማሽን መሐንዲሱ ያውቀዋል፤ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ኑሮው ወዴት ዞረ የሚለውን ግን መሐንዲሱ ብቻውን አይመልሰውም።

ሌላም አለ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ እምቢ ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተ፤ ሰውም ሞተ፤ በመጨረሻ መንግሥት አገረ ገዥውን አዛውሮ፣ ውዝፉን ግብር ማረ። የሒሳብ ሰው ይህን ቢመረምር የግብሩን ልክ ይነግርሃል። የሕግ ሰው አዋጁን ያነብልሃል። ነገር ግን ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካበት መሆኑን ለማስተዋል የርስትን ታሪክ፣ የሽማግሌውን ቃልና የእረኛውን ግጥም መስማት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በሳምንቱ ለዚያ ለፍኖተ ሰላሙ ወጣት ነገርሁትና «አንተስ ጥያቄ አለህን?» አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በየጊዜው ወደ መሥሪያ ቤታችን ትመጣለች። የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትመጣው። በደብተሩ ላይ የእርሷም የባሏም ፎቶግራፍ አለ። የባሏ ወንድም ግን ‹መሬቱ የአባቴ ነው› ብሎ ድንበሩን ገፍቶ አርሶባታል። ሕጉ ከእርሷ ጋር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከእርሱ ጋር ቆሙ። እኔ ካርታውን አውጥቼ ድንበሩን አሳየሁ፤ ካርታው ትክክል ነበር። እርሷ ግን እያለቀሰች ሄደች። ካርታው ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን እንዳልረዳት እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስሰማ ለጊዜው መልስ አጣሁ። ይህ ልጅ የሚፈለግበትን ከእኔ በፊት አሟልቶ ኖሯል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተደረገውን የመሬት ክፍፍል፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠውን የይዞታ ደብተር፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የርስት ልማድ፣ የሴቶችን መብትና የሽማግሌን ዳኝነት አንድ ላይ ካላየ በቀር የዚያችን ሴት እንባ ምክንያት ሊያገኘው አይችልም። እርሱ የሚፈልገው ብዙ ትምህርት ሳይሆን አንድ መልስ ነው፤ መልሱ ግን በብዙ ቤት ተበትኖ ተቀምጧል።

«እንግዲያስ ዛፍህ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ነው የበዛው» አልሁት። ሳቀ።

ሆኖም በሐሳብ ብቻ እንጀራ አይጋገርምና፣ የነገርሁትን ጥንቃቄ ለአንተም ልድገምልህ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣ «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ሥር የትምህርት ዓይነቶች በስማቸው ይዘረዘራሉ። የአንተ ዲግሪ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ዕውቀትህ የቱን ያህል ቢሰፋ ውድድሩ ውስጥ ላትገባ ትችላለህ። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት የመሥሪያ ቤትህን የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። በአፍ የተነገረ ተስፋ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም ዕውቅና ያለው መሆኑንም አጣራ።

ሁለተኛ፣ ጊዜህን ቁጠር። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 170 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በየሳምንቱ ተመላልሶ ለመማር የመኪናውን ዋጋ፣ የአልጋውን ኪራይና የሰውነትህን ድካም አብረህ አስላ። ባለትዳር ከሆንህ ከባለቤትህ ጋር ተመካከር፤ የምትማረው በእርሷም ጉልበት ነውና።

ሦስተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱንም ትምህርቱንም ምን ያህል እንዳወከው አንተው ታውቃለህ። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ የስሟን ፍሬ ያሳየን እንላለን። እስከዚያው ግን ማስረጃህን ቅጂ አውጥተህ ከሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ ትምህርቱ ቢቋረጥ የምትቀጥልበትን ደንብ አስቀድመህ ጠይቅ። ንባብህን ደግሞ አታቋርጥ። የቆሎ ተማሪ አንዱ ጉባኤ ቢታጠፍበት አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር እንጂ መማሩን አልተወም።

ይህን ሁሉ መዝነህ ሳለ ልብህ ወደ አንድ ሙያ ካዘነበለ እርሱን ያዝ፤ አንድን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ክብር ነው። ሐኪሙና መሐንዲሱ በዚያ ይኖራሉ። ዲግሪን ለደመወዝ ብቻ መፈለግም ኃጢአት አይደለም፤ ብቻ ራስህን አትሸንግል። ነገር ግን ከጽሕፈት ጠረጴዛህ ማዶ የቆመው ሰው ጉዳይ ከአንድ መዝገብ ውስጥ አልገባ ብሎ እንቅልፍ የሚነሣህ ከሆነ፣ ለአንተ የሚሆነው ብዙ ዓይን የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ወጣቱ ከእኔ ሲለይ ደብተሩን አወጣና በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፈ። አሳየኝ፤ የዲግሪ ስምም የዩኒቨርሲቲ ስምም አልነበረበትም። «ካርታው ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን አልረዳትም?» ይላል። ከሥሩም ለመጠየቅ ያሰባቸውን ሰዎች ዘረዘረ፦ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ የታሪክ መምህር፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻም ያቺን ሴት ራሷን።

አንተም አንባቢ ሆይ፤ ማመልከቻህን ከመጻፍህ በፊት ይህችን አንዲት መስመር ጻፍ። መጻፍ ካቃተህ ዓመቱን ጠብቅ፤ ከጻፍሃት ግን ባልደረባህ በሁለት ዛፍ ቢተርትብህ አትፈር።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብት።